ሐምሌት የሚባል አጥቂ ሲያጋጥምዎ

አንድ ቀን የኳስ ዜና ሲያነቡ የአንድ ተጫዋች ስም ዐይንዎን ይይዘዋል። ስሙን ከዚህ በፊት ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ከሜዳ ሳይሆን ከድርሰት፣ ያውም ከሟቾች መካከል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አይደንግጡ። ፖሊስ ጣቢያ አይሂዱ። ለጎረቤትም አይንገሩ፤ ጎረቤትዎ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብለው ይጀምሩና የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስም እየጠሩ ዕጣ ፈንታውን ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው አይገቡም። ይልቅ ረጋ ብለው ይህን ምክር ያንብቡ። ምክሩ የተሞከረው በአንድ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ስሙም ሐምሌት ነው። በሌሎች ስሞች ላይ የሚሞክር አንባቢ በራሱ ኃላፊነት ይሞክር።

በመጀመሪያ ሟቹን ይለዩ። ይህ ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል። በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ሐምሌት የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ተገድለዋል። አንደኛው የዴንማርክ ንጉሥ ነው። ከሰዓት በኋላ አትክልት ቦታው ውስጥ ጋደም ባለበት ወንድሙ ክላውዲየስ በጆሮው መርዝ አንቆረቆረበት፤ ለሕዝቡ ግን እባብ ነደፈው ተብሎ ተነገረ። ሁለተኛው ልጁ፣ ልዑሉ ነው፤ እሱም በመጨረሻው ትዕይንት መርዝ በተቀባ ሰይፍ ተወግቶ ይሞታል። አባትና ልጅ አንድ ስም መያዛቸው ለእኛ አገር መዝገብ አይመችም። ልዑሉ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ቢያወጣ «ሐምሌት ሐምሌት» ተብሎ ይጻፋል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ስሙ በስህተት የተደገመ መስሏት አንዱን ትሰርዘዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ ሟቾች የትኛው እንደቀረ የሚያውቅ አይኖርም።

ሟቾቹ በሁለቱ ብቻ አያበቁም። መጋረጃው እስኪወርድ ስምንት ሰው ይሞታል፤ መጋረጃው ሳይከፈት የሞተውን ንጉሥ ሲጨምሩ ዘጠኝ ይሆናሉ። አንድ ቡድን ለመሙላት ሁለት ይጎድላል። ሆኖም በእግር ኳስ ሕግ አንድ ቡድን ሰባት ተጫዋች ካሟላ ጨዋታው ስለሚጀመር ፎርፌ አይሰጥባቸውም።

ቀጥሎ ተጫዋቹን ይለዩ። እዚህም ሁለት ናቸው፤ ያውም ከነቤተሰብ ስማቸው አንድ ናቸው። አንደኛው ሐምሌት ሚኪታርያን በ1962 የተወለደው፣ የአርሜኒያ ዋና ከተማ የየሬቫን ክለብ የአራራት አጥቂ ነው። ሁለተኛው ሐምሌት ሚኪታርያን በ1973 የተወለደ፣ ለአርሜኒያ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ አማካይ ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ደግሞ ሐምሌት ባሪየንቶስ የሚባል በረኛ ነበረ፤ እሱን ለጊዜው ይተዉት፤ ከጎሉ ልውጣ አልውጣ እያለ ሲያመነታ የሚታይ በረኛ በዚህ ስም መጠራቱ ለቀልድ በጣም ስለሚመች፣ የሚመች ቀልድ ደግሞ ጥንቃቄ የሚያሻው ስለሆነ። የእኛ ጉዳይ የ1962ቱ ሰውዬ ነው።

«ወላጅ እንዴት አድርጎ ልጁን በሟች ስም ይጠራል?» ብለው እንዳይፈርዱ። አርሜኖች ሼክስፒርን እንግዳ አድርገው አያዩትም። ጴጥሮስ አዳምያን የሚባለው ተዋናያቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐምሌትን ሆኖ እየተጫወተ ከቁስጥንጥንያ እስከ ሩሲያ ከተሞች ስሙ የተጠራ ነበር። በ1894 ደግሞ ሆቭሃንስ ማሴህያን ተውኔቱን ወደ አርመንኛ መለሰው። ከዚያ ወዲህ የተውኔቱ ሰዎች ሐምሌትና ኦፌሊያ በየሬቫን መንገድ ላይ ቢጠሩ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ተራ ስሞች ሆኑ። ልጁን ሐምሌት ያለ አባት የሚያስበው ስለ ቴአትሩ ነው፤ በጆሮ ስለሚፈስ መርዝ አይደለም።

እኛም ተውኔቱን አላጣነውም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ አቅርቦልናል። ተውኔቱን ወስደን ስሙን ለባለቤቶቹ ተውን። ይህን ግን ጠንቃቃነት ነው ብለው እንዳይኮሩበት። አቤል በምድር ላይ የመጀመሪያው ተገዳይ ነው፤ ያውም የደራሲ ፈጠራ አይደለም፤ በየሰፈሩ ግን አቤል ሞልቷል። ብሔራዊ ቡድናችን ሳይቀር አቤል ያለው የሚባለውን ተጫዋች በአጥቂነት አሰልፏል። ልጁን ቃየል ብሎ የጠራ ወላጅ ግን ይፈለግ ቢባል አይገኝም። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሟች ስም ልጅ ይጠራል፣ በገዳይ ስም አይጠራም። (ደንቡ ጣልያን ላይ አይሠራም። እዚያ የንጉሡን ገዳይ ስም ለልጆቻቸው በደስታ ይሰጣሉ፤ ክላውዲዮ ራኒየሪ የሚባለው አንዱ በ2016 ሌስተር ሲቲን የእንግሊዝ ሻምፒዮን አድርጎ ዓለምን አስደንቋል።)

አራራት የሚለው ስምም ሊያደናግርዎ ስለሚችል አንድ ነገር ይያዙ። የየሬቫኑ አራራት በ1973 የሶቪየት ኅብረትን ሊግና ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ የወሰደ ክለብ ነው። የአዲስ አበባው አራራት ደግሞ የከተማችን አርሜኖች ቡድን ነበር፤ በ1944 በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ዋንጫውን ካነሣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተሰልፏል። አንዱ ሽማግሌ «አራራትን እዚሁ አዲስ አበባ አውቀዋለሁ» ቢሉና ሌላው «የሩሲያ ቡድን ነበር» ቢሉ ሁለቱንም ያስታርቁ፤ ለጠብ የሚያበቃ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንቅረብ። አደጋው ቀልድ ነው። የልዑሉን ጠባይ ያላነበበውም ሰው ሰምቷል፤ ያመነታል። በተውኔቱ መካከል ክላውዲየስ ብቻውን ተንበርክኮ ለመጸለይ ሲሞክር ከኋላው ይደርስበታል። ሰይፉ በእጁ ነው፤ ዘበኛ የለም፤ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቷል። ጎሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ልዑሉ ግን አወጣ፣ አወረደ፣ ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰና ሄደ። ይህ በኳስ ማሳያ ቤት ቢታይ ወንበር ይሰበር ነበር። ከዚህ የተነሣ ሐምሌት የሚባል አጥቂ አንድ ኳስ በሳተ ቁጥር «ያው ስሙ ነው» ማለት ያምራል።

አይበሉ። ሐምሌት ሚኪታርያን በ1984 በሶቪየት ኅብረት ከፍተኛው ሊግ ለአራራት 18 ጎል አግብቷል፤ በዚያው ዓመትም በሐትሪክ ለሚበልጥ አጥቂ የሚሰጠውን ሽልማት ወስዷል። ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ስለ ሟች ነፍስ የሚያሰላስል ሰው ይህን ሽልማት አያገኝም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ይወቁ። የልደቱን ዘመን በፈረንጅ ትተው የሽልማቱን ዘመን ወደ እኛ ቢመልሱት ሐትሪክ የሚሠራ የ14 ዓመት ልጅ ያገኛሉ፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ደግሞ ክለቦቻችን ዛሬውኑ ይፈልጉታል።)

ከቀልዱ የከፋ ፈተና ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሐምሌት ሚኪታርያን በ1989 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ለቫለንስ ተጫወተ። በ1996 በአንጎል ዕጢ ሞተ፤ ዕድሜው 33 ነበር። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ትቶ ሄደ። ልጁ እርስዎ የሚያውቁት ሄንሪክ ሚኪታርያን ነው፤ የማንችስተር ዩናይትዱ፣ በ2018 በአሌክሲስ ሳንቼዝ ተለውጦ አርሰናል የገባው። በአርሜኖችም ልማድ ሰው በሙሉ ስሙ ሲጠራ የአባቱ ስም ይገባል፤ የቤተሰቡን ስም ትተው በእኛ ወግ ቢጠሩት ሄንሪክ ሐምሌት ይሆናል። የሞተ አባት፣ የቀረ ልጅ፣ ሐምሌት የሚል ስም! ተውኔቱን ያነበበ የአርሰናል ደጋፊ እዚህ ሲደርስ እጁን ያሳክከዋል፤ ብዕር ይፈልጋል። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ መክተት ያለብዎት ይሄኔ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በተውኔቱ የሞተው ንጉሥ በሌሊት እንደ መንፈስ ተገልጦ ልጁ ደሙን እንዲመልስ ያዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ደም ሁሉ ከዚህ ትእዛዝ የመጣ ነው። በየሬቫን ግን ገዳይ የለም፤ ተጠርጣሪ የለም፤ የሚመለስ ደም የለም። የነበረው ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ አይከሰስም። ልጁ አባቱ በሞተ በዓመቱ ልምምድ ጀመረ። አባቱ አርአያው እንደነበር፣ እንደ እሱ ለመሮጥና እንደ እሱ ለመምታት ይመኝ እንደነበር አድጎ ተናግሯል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች በየአገሩ አሉ፤ ይህን ልጅ ከሌሎቹ የለየው ኳሱ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሼክስፒር የሚሠራው ሥራ የለም፤ ቢጠራም ምስክርነት መስጠት አይችልም።

እንዲያውም ሼክስፒር ራሱ ስምን ከሞት ጋር የማያያዝ በሽታ ሰለባ ነው። ሐምኔት የሚባል ልጅ ነበረው፤ በ1596 ሲቀበር 11 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሐምሌት» ለመድረክ በቃ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ስሞች መካከል ገመድ ያልዘረጋ ሊቅ ጥቂት ነው። ልጁ ግን የተሰየመው በስትራትፎርዱ የቤተሰብ ወዳጅ በሐምኔት ሳድለር ነው፤ የተውኔቱ ስም ደግሞ የመጣው አምሌት ከሚባለው የጥንት የዴንማርክ ልዑል ታሪክ ነው። ገመዱ ይዘርጋ አይዘርጋ አልከራከርም፤ አባት ሐዘኑን የት እንዳስቀመጠው ከእሱ በቀር ማን ያውቃል? ብቻ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ያልጨረሱትን ሥራ እርስዎ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ እጨርሳለሁ ብለው አይነሡ።

ይህን ሁሉ ከከለከልኩ በኋላ አንድ ነገር እፈቅድልዎታለሁ፤ እሱንም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ከሁለት የማይበልጡ ወዳጆች ባሉበት ነው። ልዑሉ የሞተው ግጥሚያ ላይ ነው። የሰይፍ ግጥሚያ ነው፤ ያሰናዳው ክላውዲየስ ነው፤ በውጤቱ ላይ የተወራረደውም እሱው ነው። ስድስት የበርበር ፈረሶች አስይዟል። ውርርዱም ማን ያሸንፋል የሚል ተራ ውርርድ አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ዙር ውስጥ ተጋጣሚው ላኤርቴስ ሐምሌትን በሦስት ነጥብ አይበልጠውም የሚል ነው። የቤቲንግ ቤት ደንበኛ የሆነ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሀንዲካፕ ነው። መጠጡንም ያቀረበው ክላውዲየስ ነው፤ በጽዋው ውስጥ መርዝ አለ፤ የላኤርቴስ ሰይፍም መርዝ ተቀብቷል። አዘጋጁ፣ ቲኬት የቆረጠውና አሳላፊው አንድ ሰው በሆኑበት ጨዋታ ላይ መሰለፍ አይገባም፤ ይህን ለመናገር ደግሞ ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልዑሉም ልቡ ነግሮት ነበር። ለጓደኛው ለሆሬሺዮ ልቡ ደስ እንዳላለው ነገረው፤ ጓደኛውም ካልወደድከው ይቅር፣ እኔ ሰበብ እፈልግልሃለሁ አለው። እሱ ግን ሄደ።

የአጥቂው ሐምሌት ልጅ በ2019 የግንቦት ወር መጨረሻ ላይ ሌላ ግጥሚያ ተጠርቶ ነበር። አርሰናል ለዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ደርሷል፤ ፍጻሜው የሚደረገው ባኩ ላይ ነው። ባኩ የአዘርባጃን ዋና ከተማ ናት፤ አርሜኒያና አዘርባጃን ደግሞ በናጎርኖ ካራባህ ምክንያት ደም የተቃቡ አገሮች ነበሩ። ሄንሪክ ከክለቡና ከቤተሰቡ ጋር ተማከረ፤ ለደኅንነቱ ሲባል ይቅር ተባለ፤ ቀረ። አርሰናል በቼልሲ 4 ለ 1 ተረታ። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ማረፍ ይችላል።

ይህን ማነጻጸር የፈቀድኩልዎ የሚያመሳስላቸው ነገር ስለሌለ ነው። ልዑሉ ልቡ እየፈራ ሄዶ ሞተ፤ ሄንሪክ ቀረ፣ ዋንጫ አመለጠው፣ በሕይወት ኖሮ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሮማ ሄዶ ተጫወተ። በ2022 ከሮማ ጋር የኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ዩሮፓ ሊግንም ቢሆን ቀድሞ ቀምሶታል፤ በ2017 ስቶክሆልም ላይ ማንችስተር ዩናይትድ አያክስን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነበር። ለተውኔት የሚሆን ታሪክ አይደለም። አንድ ሰው የማይኬድበትን ግጥሚያ ለይቶ ሲቀር ደራሲ ሥራ ይፈታል።

በተውኔቱ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ስፍራ ካላየሁ የሚል አንባቢ ካለ ወደ ዴንማርኳ ሄልሲንገር ከተማ ይሂድ። ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከተማዋ የእግር ኳስ ክለብም አላት፤ በ2017/18 በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ አንድ ዓመት ተጫውቶ መጨረሻ ወጥቶ ወረደ። በንጉሡ ሞት አልተጠረጠረም።

ጸሐፊ የሆኑና በድርሰታቸው ኳስ ተጫዋች ለመግደል ያሰቡ አንባቢዎችም አይጠፉም። እነሱ በ1939 የወጣውን «የአርሰናል ስታዲየም ምስጢር» የተባለውን ፊልም አሠራር ይከተሉ። በፊልሙ ውስጥ በያኔው የአርሰናል ሜዳ በሃይበሪ ጨዋታ እየተካሄደ አንድ ተጫዋች ተመርዞ ይሞታል። የአርሰናል ልጆችና አሠልጣኙ ጆርጅ አሊሰን በገዛ ስማቸው ይታያሉ፤ የሜዳውም ትዕይንት ከብሬንትፎርድ ጋር ባደረጉት እውነተኛ ጨዋታ ላይ የተቀረጸ ነው። ሟቹ ግን ከእንግዳው ቡድን ነው፤ ቡድኑም ፈጠራ ነው፣ የሟቹም ስም ዶይስ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ይህ ትክክለኛ ጨዋነት ነው፤ ሕያዋን በስማቸው፣ ሟቹ በሐሰት ስም። የሸርሎክ ሆልምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ በ1880ዎቹ ለፖርትስመዝ አማተር ቡድን በረኛ ሆኖ ሲቆም የሐሰት ስም ያወጣው ለራሱ ነበር፤ ኤ. ሲ. ስሚዝ ይባል ነበር። ስንት ሰው በብዕሩ እንደሚገድል ቀድሞ የታወቀው ይመስላል።

ሼክስፒርን በዚህ ረገድ አይከተሉ፤ ለኳስ ተጫዋች ክብር አልነበረውም። በ«ንጉሥ ሊር» ውስጥ ኬንት የሚባለው ባላባት ኦስዋልድ የሚባለውን አሽከር እግሩን ጠልፎ ይጥለውና ኳስ ተጫዋች ብሎ ይሰድበዋል። ጥፋቱ የጠላፊው ሆኖ ሳለ ስድቡ ለወደቀው ደረሰ። ኦስዋልድ በኋላ ይገደላል። በ«ኦቴሎ» ውስጥም ካሲዮ የሚባለውን መኮንን ኢያጎ የሚባል ሰው በጨለማ ከኋላ መጥቶ እግሩን ይወጋዋል፤ በዛሬ ሕግ ያለ ጥርጥር ቀይ ካርድ ነው። ካሲዮ ግን ተረፈ፤ ቆጵሮስንም ሊያስተዳድር ተሾመ። የቼልሲ ደጋፊዎች በዚህ ስም አካባቢ ጠንቀቅ ይበሉ፤ በ2012 በዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ኮሪንቲያንስ 1 ለ 0 ሲያሸንፋቸው ጎሉን የዘጋባቸው ብራዚላዊ በረኛ ካሲዮ ይባላል።

የቀረኝ ቃል ለስፖርት ጋዜጠኞች ነው። ሄንሪክ ለአርሜኒያ በ95 ጨዋታ 32 ጎል አግብቶ በ2022 ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናብቷል፤ ለአገሩ ከእሱ በላይ ያገባ የለም። ስለ እሱ ስታወሩ አባቱን ከነስሙ አንሡት፤ ሐምሌት በሉት፤ የ1984ቱን 18 ጎሎች ጥቀሱለት። መንፈስ ግን እባካችሁ ስቱዲዮ አታስገቡ።